ያለ ብየዳ ካውያ የተጠገነ ጊታር፦ የአንድ ቅዳሜ ጉዳይ

ግንቦት ነው፤ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ይህ ሰዓት ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ሱቅ ተዘግቷል፣ ባለሱቁ ጋደም ብሏል፣ አስፋልቱ ላይ ከባጃጅ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። የእኔ ጥገና ቤት ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ስለሆነች ከሌላው ትሻላለች፤ ሆኖም ከጠዋት ጀምሮ መብራት ስላልነበረ ማራገቢያዋ ቆማለች። በሩን ከፍቼ የተቀመጥኩት ደንበኛ ጠብቄ ሳይሆን ነፋስ ጠብቄ ነው።

የመጣው ግን ደንበኛ ነው። ጊታር እንደ ሕፃን ያቀፈ ወጣት ከባጃጅ ወረደና ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ጋሼ፣ ድረስልኝ። ዛሬ 12 ሰዓት ላይ ሠርግ አለብኝ፤ ጊታሩ ሞተ።»

የድሬ ልጅ «ጋሼ» እያለም አንቱታውን ይዘላል። ንቀት አይደለም፤ የአገሩ አነጋገር ነው።

«መቼ ሞተ?»

«ትናንት ልምምድ ላይ ድምፁን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ይንኮሻኮሽ ነበር። ዛሬ ጠዋት ገመዱን ስሰካ ጃኩ ከነገመዱ ተሽከረከረ። ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ አላለም።»

ልጁ በሠርግ ባንድ ውስጥ ይጫወታል። አሊ ቢራን በወለደች ከተማ የሠርግ ጊታሪስት መሆን ቀላል ሥራ አይደለም፤ በአንድ ምሽት ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪና አማርኛ ይፈራረቁበታል፣ ታዳሚው ደግሞ ሁሉንም ያውቃል። ሁለተኛ ጊታር የለውም። እኔም መብራት የለኝም፤ መብራት ከሌለ ደግሞ የብየዳ ካውያዬ እንጨት እጀታ ያለው ብረት ነው።

ጊታሩ ፌንደር በ1954 ባወጣው የስትራቶካስተር ቅርጽ የተሠራ ርካሽ ቅጂ ነው። ሦስት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል)፣ አምስት ቦታ ያለው መቀያየሪያ፣ አንድ የቮሊዩምና ሁለት የቶን፣ ማለትም የድምፁን ቅላፄ የሚለውጥ፣ ማዞሪያ አለው። የዚህ ቅርጽ በጎነቱ የኤሌክትሪክ ዕቃው ከጃኩ በቀር በአንድ የፕላስቲክ ሳህን ላይ መንጠልጠሉ ነው። ክሮቹን አላልተን 11 ትናንሽ ብሎኖች ስንፈታ ሆዱ ተገለጠ።

ጃኩን ለማየት ቴስተር አላስፈለገም። ማሰሪያ ዳዶው ላልቶ ስለነበር ገመድ በተሰካ ቁጥር አብሮ ሲዞር ኖሯል፤ ሁለቱም ሽቦዎች ተጠማዘው ከጆሯቸው፣ ማለትም ከተበየዱበት ትንሽ የብረት ምላስ፣ ሥር ተበጥሰዋል። ልጁ ይህን ሲያይ ፊቱ በራ፤ «ይኸው ብቻ ነው?» አለ። መንኮሻኮሹ ግን ከጃኩ ሊመጣ አይችልም። ማዞሪያው ሲነካ ብቻ የሚንኮሻኮሽ ጊታር ማዞሪያውን ነው የሚከስሰው።

ቴስተሩን ከመቀያየሪያው ወደ ቮሊዩሙ በሚሄደው ሽቦና በኧርዙ መካከል አደረግሁ። 6.5 ኪሎ ኦም አካባቢ አነበበ። መቀያየሪያውን በአምስቱም ቦታ አዞርኩት፤ ፒክአፑ ብቻውን በሚሠራባቸው ሦስት ቦታዎች ተመሳሳይ ንባብ፣ ሁለት ፒክአፕ ጎን ለጎን በሚሠሩባቸው በ2ኛውና በ4ኛው ደግሞ ግማሽ ያህሉ ታየ። መሆን ያለበትም ይኸው ነው። በየፒክአፑ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ተጠምጥሟል፤ ያ ሽቦ ቢበጠስ ኖሮ በዚያ ቀን የሚያድነው አልነበረም። ስለዚህ ፒክአፖቹም መቀያየሪያውም ደህና ናቸው።

ቀጥሎ ቮሊዩሙ። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ሽቦው እንደተያያዘ ይለካና የፒክአፑን ንባብ የማዞሪያው ያደርገዋል። ወደ ቮሊዩሙ የሚገባውን ሽቦ በተቻለ መጠን ከጆሮው አጠገብ ቆርጬ ለየሁትና ሁለቱን ዳር ጆሮዎች ለካሁ። 500 ኪሎ ኦም ገደማ ማሳየት የነበረበት ማዞሪያ ምንም አላሳየም። ውስጡ ያለው የካርቦን መንገድ ተሰንጥቋል። አዲስ ያስፈልጋል፤ አዲስ የሚገኘው ታይዋን ገበያ ነው፤ ታይዋን ደግሞ በዚህ ሰዓት እንደ ባለሱቆቹ ተኝቷል። ከ10 ሰዓት በፊት የሚከፍት የለም፤ ከተከፈተም በኋላ የጊታር ማዞሪያ መኖሩ ዕድል ነው።

«ቀፊራ ምድጃ የሚሠሩት ካውያቸውን በከሰል ነው የሚያግሉት» አለ ልጁ። ሐሳቡ ሞኝ አልነበረም፤ እኔም ልጅ ሳለሁ እንደዚያ ሲበየድ አይቻለሁ። ነገር ግን የቆርቆሮ ሠሪ ካውያ ለባልዲ የተሠራ ነው። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው የለም፤ የመቀያየሪያውን ፕላስቲክና የሽቦውን ልባስ አብሮ ያቀልጣል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ቆርቆሮውን ለማጽዳት የሚቀቡት አሲድ ነው። ባልዲ ላይ ታጥቦ ይሄዳል፤ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ላይ ግን ይቀርና ቀስ በቀስ ይበላዋል። ለአንድ ሠርግ ብሎ ጊታሩን በመንፈቅ መግደል ነው።

በዚህ ንግግር መሃል ጎረቤቴ የባጃጅ ኤሌክትሪሺያን ብቅ አለ። እሱ መብራት ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ሥራው ሁሉ በፒንሳና በካቻቪቴ ነው።

«አቦ ለምን ትጨነቃላችሁ? እኔ ስንት ባጃጅ አስሬያለሁ፣ አንድም ቀን በይጄ አላውቅም። የገንደ ቆሬን መንገድ ቀኑን ሙሉ እየነጠሩ ይውላሉ፣ ሽቦው ግን አይወልቅም።»

ልክ ነው። ንዝረት ባለበት ቦታ፣ በመኪናም በአውሮፕላንም፣ ሽቦ በአብዛኛው የሚያያዘው በተጨመቀ ጫፍና በብሎን ነው። የብየዳ እርሳስ ለስላሳ ነው፤ በተጨማሪም በሽቦው ክሮች መካከል ሰርጎ አንድ ግትር ዘንግ ያደርጋቸዋል፣ ግትሩና ለስላሳው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደግሞ ሽቦው ሲወዛወዝ ይሰበራል። የዚህ ጊታር ጃክ ሽቦዎች የተበጠሱት እዚያው ቦታ ላይ ነው። ብየዳ የሚያገናኝ እንጂ የሚሸከም አይደለም።

ጎረቤቴ ያላሰበው አንድ ልዩነት ግን አለ። የባጃጅ መብራት በ12 ቮልት ብዙ አምፔር ይስባል፤ መገናኛው ላይ ትንሽ ዝገት ቢኖር ኤሌክትሪኩ ጥሶት ያልፋል። የጊታር ፒክአፕ የሚያወጣው ግን ከአንድ ቮልት በታች፣ ብዙውን ጊዜም የቮልት አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ የሚያልፈውም ጅረት ኢምንት ነው። በዓይን የማይታይ የዝገት ፊልም ይበቃዋል። ስለዚህ የጊታር መገናኛ ወፍራም መሆን የለበትም፤ ንጹሕ መሆን ነው ያለበት። ሽቦ ጠምዝዞ በጥቁር ፕላስተር መጠቅለል የማያዋጣውም ለዚህ ነው። ጥምዙ ሲላላ አየር ይገባል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ የፕላስተሩ ሙጫ ቀልጦ ሽቦው ላይ ይንሸራተታል።

አዲስ ማዞሪያ ከሌለ ከራሱ ከጊታሩ መበደር ነው። ሁለተኛው ቶን የሚያገለግለው የመካከለኛውን ፒክአፕ ብቻ ነው፤ ልጁን ስጠይቀው ነክቶት እንደማያውቅ ነገረኝ። ዋጋው ያው 500 ኪሎ ኦም ነው። ለካሁት፤ ጤነኛ ነው። የቶን ማዞሪያ ከሦስት ጆሮዎቹ የሚጠቀመው በሁለቱ ነው፦ በአንዱ ዳር ከመቀያየሪያው የመጣ ሽቦ፣ በመካከለኛው ደግሞ ካፓሲተር ተበይደዋል። ሦስተኛው ጆሮ ራቁቱን ነው። ቮሊዩም ለመሆን ሦስቱም ያስፈልጋሉ።

ካፓሲተሩን ከአካሉ ሥር ቆረጥኩትና እግሩን ጆሮው ላይ እንዳለ ተውኩት። ፋብሪካው በይዶ የሰጠኝ ድፍን ሽቦ ነው፤ ለብሎን ከዚህ የተሻለ የለም። በሌላው ዳር ያለውንም ሽቦ እንዲሁ ከመቀያየሪያው በኩል ቆረጥኩትና ጭራው ቀረ። የሞተውን ቮሊዩም አላወጣሁትም። የፒክአፖቹና የብሪጁ (ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት) ኧርዝ ሁሉ በጀርባው ላይ ተበይዷል፤ ማዞሪያነቱ ቢሞትም የኧርዝ መሰብሰቢያነቱ አልሞተም። ወደ ጃክ ይሄድ የነበረው የኧርዝ ሽቦም አንዱ ጫፉ እዚያው ጀርባ ላይ በደንብ እንደተበየደ ነው። የማዞሪያ ጀርባ ሙቀት ስለሚመጥ መብራት ባለበት ቀን እንኳ በደካማ ካውያ አይበየድም፤ ያን ቦታ አለመንካቴ ብዙ ድካም አተረፈልኝ። ሁሉም ማዞሪያዎች ከሳህኑ ጀርባ በተለጠፈው አሉሚኒየም ላይ በዳዶአቸው ስለተጨመቁ የተበደርኩት ማዞሪያ አካልም ኧርዝ ማግኘቱን በቴስተር አረጋገጥሁ።

ለጃኩ ከሳጥኔ ውስጥ ከተጣለ ማጉያ የነቀልኩት ባለ 6.35 ሚሊሜትር ጃክ ወጣ፤ ከዓመታት በፊት ራሴ የበየድኳቸው ሁለት ሽቦዎች አሁንም አሉበት። ልብ ያለው አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ይበል። «ያለ ብየዳ» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው በሌላ ቀን በበየደው ላይ መቆም ነው። በፋብሪካ የሚሸጡትም ከዚህ አይርቁም። ኢኤምጂ የተባለው የካሊፎርኒያ ፒክአፕ ሠሪ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ ፒክአፖቹን ሁሉንም ነገር በመሰኪያ ብቻ በሚያያዝ መልክ ያቀርባቸዋል፤ ተጠቃሚው ካውያ አይነካም፣ ብየዳው ግን ሰሌዳው ላይ አስቀድሞ አልቋል። የእኔ ፋብሪካ የአሮጌ ዕቃ ሳጥኔ ነው።

ማገናኛው ቤት ውስጥ መብራት ሲዘረጋ የሚያገለግለው፣ በብሎን የሚጠብቀው ነጭ የፕላስቲክ ዘንግ ነው። ትንሹን ዓይነት መርጬ ሦስት ቤት በቢላ ቆረጥሁ። በአንደኛው ቤት ከመቀያየሪያው የሚመጣው ድምፅ፣ በሁለተኛው የካፓሲተሩ እግርና የጃኩ ድምፅ ሽቦ፣ በሦስተኛው ኧርዞቹ ገቡ። የጊታር ሽቦ ለዚህ ማገናኛ እጅግ ቀጭን ነው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ክሮቹን ወይ ይቆርጣቸዋል ወይ በጎን ያሳልፋቸዋል። ስለዚህ ጫፉን ረዘም አድርጎ መላጥ፣ አጥብቆ መጠምዘዝ፣ ከዚያ አጥፎ ድርብ ማድረግ ያስፈልጋል። ከጠበቀ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ በጣት መሳብ ነው። የሚወልቅ ካለ አሁን ቢወልቅ ይሻላል።

የቸገረኝ ራቁቱ ጆሮ ነበር። የጎረቤቴ የባጃጅ መሰኪያዎች ሁሉ ሰፉበት። በመጨረሻ ጆሮውን በምላጭ እስኪያበራ ፋቅሁት፣ ሽቦውን በቀዳዳው አሳልፌ ሁለት ጊዜ ጠመጠምኩት፣ በፒንሳ ጨመቅኩት፣ ላዩ ላይ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አልብሼ በክብሪት አሞቅኩት። ደስ አላለኝም። ነገር ግን ሰዓቱ 10 ሆኗል።

የጎረቤቴ ትንሽ የባትሪ ማጉያ መጣ፣ ገመዱ ተሰካ፣ ልጁ ክሩን መታ። ድምፅ! ሦስታችንም ጮህን። ከዚያ ልጁ ማዞሪያውን ወደ ቀኝ አዞረና ድምፁ ጠፋ። ወደ ግራ ሲመልሰው ጎርፍ ሆኖ መጣ።

«ጋሼ፣ ይህ ጊታር ዐረብኛ ነው እንዴ የሚያነበው?»

ስህተቱ የእኔ ነው። የተበየደ ሽቦ ያለበትን ዳር ለድምፁ፣ ራቁቱን ለኧርዝ ሰጥቼ ነበር፤ ከመቀያየሪያው የመጣ ሽቦ ስለነበረበት ያው ይቀጥላል ብዬ። ቶን ግን በተቃራኒው ነው የሚያስበው። ወደ ቀኝ ሲዞር በሁለቱ የተያዙ ጆሮዎች መካከል ጅረቱን የሚገድበው መጠን (ኦሙ) ይጨምራል፤ ማለትም መካከለኛው ከዚያ ጆሮ ይርቃል። ቮሊዩም ሲሆን መካከለኛው ወደ ቀኝ በዞረ ቁጥር መራቅ ያለበት ከኧርዝ ነው። እንግዲያው ያ ጆሮ ኧርዝ መሆን ነበረበት። በብየዳ ቢሆን ኖሮ ሁለት ቦታ ማቅለጥ፣ መጥረግ፣ እንደገና መበየድ ነበር። እዚህ ሁለት ብሎን አላልቼ ሁለት ሽቦ አቀያየርኩ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ ጎረቤቴ ምንም ሳይናገር ካቻቪቴውን ወደ ላይ አንስቶ አሳየኝ።

ሳህኑ ከመዘጋቱ በፊት ማገናኛው እየተንቀሳቀሰ እንዳይንኳኳ ጎረቤቴ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ቀድዶ በሰጠኝ ጎማ ጠቀለልኩት። በፕላስቲኩ ላይ ብቻ ነው ታዲያ። ጎማ ውስጥ የካርቦን ጥላሸት ስላለ በራቁት ሽቦ ላይ፣ ያውም እንዲህ ባለ ስስ ድምፅ ላይ፣ አይጠመጠምም። ሳህኑ ክፍት ሳለ ይሰማ የነበረው እንዝዝታም 11ዱ ብሎኖች ሲገቡና የልጁ እጅ ክሮቹ ላይ ሲያርፍ ቀነሰ። ክሩን ሲነካ የሚቀንስ እንዝዝታ የብሪጁ ኧርዝ ደህና መሆኑን ይነግራል።

ሆቴሉ ድረስ አብሬው ሄድኩ። ሥራዬን ለመስማት ነው ብዬዋለሁ፤ እውነቱ የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር። ኧርዙ በትክክል ሲሠራ ጊታሪስቱ በክሮቹ በኩል ከማጉያው አካል ጋር ተያይዟል ማለት ነው። መብራት በጄኔሬተር ሲሆንና ሶኬቱ ኧርዝ ሳይኖረው ሲቀር፣ ማይክሮፎኑ በሌላ መስመር ከመጣ ከንፈር ላይ የሚነዝር ነገር ይፈጠራል። ቴስተሩን በክሩና በማይክሮፎኑ ወንፊት መካከል ሳደርግ ወደ 100 ቮልት አሳየ። ይህ ብዙውን ጊዜ ከመሣሪያዎቹ የሚያፈተልክ አነስተኛ ጅረት ነው፤ ግን ብዙውን ጊዜ የሚለው ቃል በሰው ሕይወት ላይ አይበቃም። ማጉያውንና የድምፅ ማደባለቂያውን ከአንድ ማከፋፈያ እንዲሰኩ አደረግሁና ደግሜ ለካሁ፤ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ነው ወንበር ይዤ የተቀመጥኩት።

ጊታሩ እስከ እኩለ ሌሊት ሠራ። ልጁ ግን በየዘፈኑ መሃል ድምፁን ሊቀንስ እጁ በልማድ ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ሞተው ማዞሪያ ይሄዳል። ሲያዞረው ምንም የለም፤ ከዚያ ትዝ ሲለው ወደ ሦስተኛው ይዘላል። ዘፋኙ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየው።

ልጁ የተመለሰው መስከረም ላይ ነው። መንኮሻኮሹ ተመልሷል። በአራት ወር ውስጥ የትኛው መገናኛ እንዳረጀ የማይበት ዕድል ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ከልጁ ይልቅ እኔ ተደሰትኩ። የመጀመሪያው ቤት እንዳጠበቅሁት ነው። የካፓሲተሩ እግር ያለበት ሁለተኛው ቤትም ንቅንቅ አላለም፤ ድፍን ሽቦና ብሎን ይስማማሉ። ሦስተኛው ላይ ግን ሦስት የተለያየ ውፍረት ያላቸው ሽቦዎችን በአንድ ብሎን ሥር አጣብቤ ነበር፤ ብሎኑ ያረፈው ወፍራሙ ላይ ነው፣ ቀጭኑ በጣቴ ስስበው ወጣ። በሁለት ቤት ከፍዬ በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት ነበረብኝ። ዋናው ጥፋተኛ ደግሞ የተጠረጠረው ነው። የራቁቱን ጆሮ ቱቦ ስቀድደው ፍቄ ያበራሁት ብረት ጠቁሯል፤ ሽቦውን ስነቀንቀው የቴስተሩ ንባብ ይዘላል። ጥምዝ ብቻውን፣ የሚጫነው ብሎን ወይም ስፕሪንግ ከሌለ፣ በላብና በአቧራ መካከል አራት ወር ነው ዕድሜው።

በዚያ ቀን መብራት ነበር። ከታይዋን ያገኘሁት የማጉያ ማዞሪያ ነው፤ ላዩ ላይ ቢ500ኬ የሚል ተጽፎበታል። ቢ የሚለው ኦሙ በእኩል መጠን እንደሚለዋወጥ ይነግራል፤ ለጆሮ ግን ድምፁ እኩል ሳይሆን ወደ መጨረሻው አካባቢ ድንገት ይወርዳል፤ ኤ የተጻፈበት ለጆሮ ይሻል ነበር፣ አልተገኘም። ሦስት ሽቦዎች ጠረጴዛዬ ላይ በካውያ በየድኩበት፣ ጫፋቸውን ግን ወደ ማገናኛው በብሎን መለስኩ፤ አንድ ቤትም ጨመርኩበት። ነገ ሲሞት ማንም በካቻቪቴ እንዲቀይረው። ኧርዞቹን ከሞተው ማዞሪያ ጀርባ ወደ አዲሱ አዛውሬ፣ አዲሱን በመጀመሪያው፣ በትክክለኛው የቮሊዩም ቦታ አሰርኩለት።

በሳምንቱ ጊታሩን አቅፎ መጣ። ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ።

«አልተበላሸም ጋሼ። እጄ ሦስተኛውን ለምዶታል። ቮሊዩሙን ወደዚያው መልስልኝ።»

ካቻቪቴውን አነሳሁ።